በመቋሚያ የተለካ መደገፊያ

ወደ ዓባይ ማዶ በሚሄደው ታክሲ ከጎኔ የተቀመጡት መሪጌታ ገና ከዘጌ ጀልባ መውረዳቸው ነው። ከእሳቸው ወዲያ ያለው ደግሞ ብረት በያጅ ነው።

«መሪጌታ፣ ለጀልባ መውረጃው መደገፊያ ክቡ ብረት ይሻላል ወይስ ባለ አራት ማዕዘኑ?»

«ክቡን አድርገው። ለእጅ ይመቻል።»

«ቁመቱስ?»

«በዚህ በመቋሚያዬ ለካው።»

«ብብት ድረስ? ጀልባ ሲዘገይ እንደ ማሕሌቱ ተደግፈው ሊያንቀላፉበት ነዋ!»

«ማሕሌት ላይ አንቀላፍቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«እሺ ይሁን። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ያለ መደገፊያ ሲወርዱ ኖረው፣ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ለእንግዳው ብዬ ነው እንጂ! ድንጋዩ ያዳልጣል።»

«እርስዎንስ አዳልጦዎት አያውቅም?»

«እኔን? እዚያው ሐይቁ ላይ ነው ያደግሁት!»

«እንግዲያው ለእንግዳው ከሆነ በሚመጣው ወር ልሥራዋ።»

«የለም፣ የለም! ነገ ጠዋት ይሁን። ነገ እመለሳለሁ።»

«ለእንግዳው?»

«አዎ፣ ለእንግዳው።»

በእኔ በኩል ከጋቢያቸው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማዬን ሲያርሰው፣ ቀስ ብዬ እግሬን ሰበሰብሁ።