የጊንጡ ስምንት እግር

ጊንጥ ነፍሳት ነው የሚል ካለ ካቦአችንን ይጠይቅ። ቴፒ አጠገብ የረገፈ ቡና ስንለቅም ጓደኛችንን ጊንጥ ነደፋትና ቦት ጫማ ይሰጠን አልን። ካቦው፣ «የነፍሳት መድኃኒት አስረጭተናል፤ ምን ቦት ያስፈልጋል? ወደ ቡናው ግቡ» አለ። በማግስቱ ከተረጨው ቅጠል ሥር ያገኘሁትን ጊንጥ፣ ከነሕይወቱ በጠርሙስ ይዤለት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እግሩን ይቁጠሩልኝ» አልኩት። ቆጠረ፤ ስምንት ሆነ። «ነፍሳት ስድስት ነው ያላቸው። ይሄ የሸረሪት ዘመድ ነው፤ መድኃኒትዎ አልነካውም።» «አንቺ ለቃሚ ነሽ ወይስ አስተማሪ?» አለኝ። «ለቃሚ ነኝ፤ የሚነደፈውም የእኔ እግር ነው።» የጠርሙሱን ክዳን አላልቼ ካቦው እግር አጠገብ አስቀመጥኩት። «እርግጠኛ ከሆኑ ቦትዎን ያውልቁና ከፊት ይምሩን።» አላወለቀም። እኛም የእኛ ቦት እስኪመጣ ወደ ቡናው ሳንገባ ከመንገዱ ዳር ንቅንቅ አላልንም።