ሞተሩን የሸጠልኝ ሰው

የፒክአፔ ሞተር ሲሞትብኝ አዲስ አበባ ሄጄ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ፣ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ተርቦ ያለው ሞተር ገዛሁ። ሻጩ ተካ «ተርቦው እንከን የለውም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ከወራት በኋላ ይኸው ሰው ሚዛን ከተማ መናኸሪያ ቆሞ የቴፒ መኪና ሲጠብቅ አገኘሁትና ጋቢና አስገባሁት። ዳገቱን ስንጀምር ጆሮውን ጣል አደረገ።

«ሞተር ቀየርክ እንዴ?» አለኝ።

«ያው ያንተው ነው።»

«ተርቦውስ?»

«እሱም ያንተው።»

ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አነሳ። «አውርደኝ» ሲለኝ የታመመ መስሎኝ ደንግጬ አቆምኩ። ቦርሳውን ይዞ ወረደና «አትቀየመኝ ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ» አለ።

«እኔም አሉኝ» አልኩት።

በሩን እንደያዘ አቀረቀረ። ተናድጄ ጥዬው ልሄድ ማርሽ ሳስገባ ተመልሶ ገባ። «ወደ ሚዛን መልሰው፣ ቀስ ብለህ። ተርቦው ዘይት ወደ ሞተሩ ከለቀቀ ያንን እያነደደ ይሮጣል፤ ቁልፉን ብታዞርም አይጠፋልህም።»

ጋራዥ ሲፈታ የተርቦው ሻፍት፣ መሐል ያለው ተሽከርካሪ ዘንግ፣ በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል። መካኒኩ ተካን ቀና ብሎ አየው። ተካ ደውሎ ሌላ ተርቦ በአውቶቡስ አስላከ፤ እስኪገጠም ድረስም ከሚዛን ንቅንቅ አላለም። ሲያልቅ ሳልጠራው ጋቢና ገብቶ ተቀመጠና «በል፣ አሁን ንዳው» አለኝ።