የጎሉ ሥር ስሙኒ

(አሰላ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ፤ ስዊድን ተምሮ የተመለሰው ናሁሠናይ ብረት መፈለጊያ መሣሪያውን ይዞ ከቀድሞ የስፖርት መምህሩ ከጋሽ ወንድይፍራው ጋር ይከራከራል።)

ናሁሠናይ፦ ጋሼ፣ አንዲት ጉድጓድ ብቻ! ጎሉ ሥር። ቆፍሬ፣ መልሼ፣ ሣሩን ደልድዬ እሄዳለሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ጎሉ ሥር ከምትቆፍር እኔን ቅበረኝ።

ናሁሠናይ፦ በኛ ጊዜ ጎል እንዳይገባብን ስሙኒ የምንቀብረው እዚያ ነበር እኮ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ቀብራችሁስ? አምስት ገብቶባችሁ ወጣችሁ።

ናሁሠናይ፦ እሱ የበረኛው ጥፋት ነው። ስሙኒዋ ምን ታድርግ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ስማኝ። ዛሬ የችግኝ ኮሚቴው ይመጣል። «ሌላው መሬት ድንጋይ ነው፣ የሜዳው አፈር ለስላሳ ነው» ብለው ሜዳዬን ሊቀሙኝ አሰፍስፈዋል። ጎሉ ሥር አንድ ጉድጓድ ካዩ «ተጀምሯል» ብለው ይቀጥሉበታል። ልጆቹ የት ሊጫወቱ ነው? ዛፍ ላይ?

ናሁሠናይ፦ ታዲያ እኔስ የት ልፈልግ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አጥሩን ተከተል። ድሮ ገበያ ነበር።

ናሁሠናይ፦ ማን አለ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የነገሩኝ ሁሉ ሞተዋል። ደግሞ ልትጠራጠር ነው? ድሮም «መሬት ክብ ናት» ስትባል ማስረጃ የጠየቅህ ልጅ ነህ።

ናሁሠናይ፦ እሺ፣ ልሞክር... ኧረ ጮኸች!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አላልኩህም? ዶማውን አንሣ!

ናሁሠናይ፦ ቆርኪ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ወርቅ ላይ ላዩን ይገኛል እንዴ? ጠለቅ በል፤ እስከ ጉልበትህ። ሰፋም አድርገው።

ናሁሠናይ፦ ምንም የለም። እዚህ ጋ ደግሞ ጮኸች።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በርታ!

ናሁሠናይ፦ ይሄም ቆርኪ። ያኛውም ቆርኪ። ይኸው አጥሩን ልጨርሰው ነው፣ እጄ ውሃ ቋጠረ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቀስ እያልክ።

ናሁሠናይ፦ ጋሼ፣ የገበያ ሰው ቆርኪ የሚጥለው በመስመር ነው እንዴ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ድሮ ሰው ሥርዓት ነበረው።

ናሁሠናይ፦ እስቲ ውስጡን ያንብቡት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ መነጽሬን አልያዝኩም።

ናሁሠናይ፦ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። የዘንድሮ ዕጣ ነው! ቀብረው ነው ያስቆፈሩኝ!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ተማሪው ፈተና ላይ፣ እኔ ወገቤ የለም... የችግኙን ጉድጓድ ማን ይቆፍር? መሣሪያህ ደግሞ ሥራ ፈትታ ነበር።

ናሁሠናይ፦ «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ሲባል አልሰሙም?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የቆፈርከው አንተ ነህ፤ እኔን ምን አገባኝ? ቆይ... አካፋውን ምን ልታደርግበት ነው?

ናሁሠናይ፦ አፈሩን ልመልስ። ሥርዓት ያለው ሰው የቆፈረውን ይደፍናል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ተው! የኮሚቴው መኪና በር ላይ ደርሷል! ጉድጓድ አጥተው ወደ ሜዳዬ ሊዞሩ ነው!

ናሁሠናይ፦ ይምረጡ፤ ጎሉ ሥር አንዲት ጉድጓድ፣ ወይስ ሜዳው ሙሉ ጫካ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! አንተን ያስተማርኩበት ቀን... እሺ። እነሱ ሲሄዱ። አንዲት ብቻ፣ እሷም ስንዝር።

ናሁሠናይ፦ ተስማማን። እንግዲህ ዶማውን ከአሁኑ ይለማመዱት፤ የሚቆፍሩት እርስዎ ነዎት።