በላይኛው ጫፍ ስለነበረው ነጭ ጨርቅ

የምስክር ማንነት፦ የሟች ባለቤት፣ የተጠርጣሪው ልጅ (ሙሉ ስም በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 31 ዓመት
ሥራ፦ እርሻ
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ፣ አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን

ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ፣ በራሴ ጥያቄ ነው። አባቴ ማክሰኞ ዕለት በዚሁ ቢሮ በሰጡት ቃል ስለ ባለቤቴ «አየሁት፣ ግን ማቆም አልቻልኩም» ማለታቸውን ከመርማሪው ሰምቻለሁ። ይህ እውነት ስላልሆነ መጥቻለሁ። ዛሬ ስገባ የማረፊያ ክፍሉ ጠባቂ አባቴ ከማክሰኞ ጀምሮ የቀረበላቸውን ምግብ እንዳልነኩ ነግሮኛል።

አባቴ ትራክተር መንዳት ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በቆሎ የምንዘራበት ማሽን በአንድ ጉዞ ስድስት መስመር ይዘራል፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ስድስቱን ማሽኑ ራሱ ይጠብቃቸዋል። ችግሩ ትራክተሩ ማሳው ዳር ደርሶ ሲዞር ነው። በቀድሞው ጉዞ የመጨረሻ መስመርና በአዲሱ ጉዞ የመጀመሪያ መስመር መካከል ያለውን ርቀት የሚጠብቀው የሾፌሩ ዓይን ብቻ ነው። ከጠበበ በቆሎው ይሻማል፣ ከሰፋ አረም ይገባበታል። ድሮ ማሽኑ መሬቱን እየጫረ ለሚቀጥለው ጉዞ ምልክት የሚተው የብረት ክንድ ነበረው፤ ከተሰበረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ በማሳው ሁለት ጫፍ ችካል እንተክላለን። ትራክተሩ በዞረ ቁጥር ችካሉን በገመድ ለክተን አራት ሜትር ተኩል ወደ ጎን እንወስደዋለን። አባቴ የትራክተሩን አፍንጫ ከችካሉ ጋር አጋጥመው ይነዳሉ። የታችኛውን ችካል እኔ፣ የላይኛውን ባለቤቴ ነበርን የምናዛውረው።

አባቴ ካለፈው ዓመት ዘር ወዲህ ችካል አይታያቸውም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ የገባኝ በራቸው ላይ ቆሜ ሳለሁ «ማን ነው?» ሲሉኝ ነው። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። «መሪውን ከወሰዱብኝ ምን ልሠራ፣ ቤት ተቀምጬ ድመት ላባርር?» አሉ። ነጭ ነገር ግን በፀሐይ ከሩቅ ይለያሉ። ስለዚህ አሮጌ አንሶላ ቀድጄ በሁለቱም ችካሎች ላይ አሰርኩ። ዘዴው የእኔ ነው። «ነጩን ብቻ ይከተሉ» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጨርቁ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የወፍ ማስፈራሪያ ነው አልኩት። «ወፎቹማ ሠርግ መስሏቸው ይመጣሉ» ብሎ ሳቀብኝ። በትዳራችን የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሁለት ቦታ ላይ ክፍተቱ ሰፍቶ አገኘ። አባቴን «አባባ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ፣ ነገ እኔ ልንዳ» አላቸው። «ይህን መሪ ከእጄ የሚወስድ ገና አልተወለደም» ብለው መለሱለት። የውሃ ፓምፕ ጠባቂው ይህን መስማቱን ገልጾ ቃሉን እንደሰጠ ተነግሮኛል። የሰማው ትክክል ነው። ጠብ ግን አልነበረም። ሁለቱ ቀን ሲነቋቆሩ ውለው ማታ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ።

ማክሰኞ ከረፋዱ 4፡40 ገደማ አባቴ ከታችኛው ጫፍ ዞረው ወደ ላይ መንዳት ጀመሩ። እኔ ታች ነበርኩ፤ ርቀቱ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ነው። ነፋስ ስለነበር የላይኛው ጨርቅ ተፈትቶ በረረ። ጠዋት ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ደርቤ አልቋጠርኩትም። ባለቤቴ ሮጦ ማሳው ውስጥ ያዘውና ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ችካሉ መመለስ ጀመረ። ትራክተሩ ወደ እሱ ታጠፈ። ባለቤቴ ወደ ፓምፑ በኩል ፈቀቅ አለ፤ ትራክተሩም ወደዚያው ሄደ። ወደ መንገዱ በኩል ተመለሰ፤ ትራክተሩም ተመለሰ። አባቴ የሚቀልዱበት ሳይመስለው አልቀረም፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ሲቀርበው ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ አውለበለበ። እሱ ይቁሙ ማለቱ ነው። ለአባቴ ግን ችካሉ እዚህ ነው ማለት ነበር። ጮህኩ፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ባለቤቴ ወደኋላ ሲሸሽ እግሩ ልል አፈር ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ትራክተሩ የቆመው ችካሉን አልፎ የአጥሩ ሽቦ ሲይዘው ነው። ስደርስ አባቴ መሪውን እንደያዙ ነበሩ። «ጨርቁ የት ሄደ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም።

መርማሪው መስመሮቹን በሜትር ለክቷል። በቀጥታ መንዳቱ የሚታወቅ ሰው በሠላሳ ሜትር ውስጥ ሦስት ጊዜ የታጠፈው ሆን ብሎ ነው ብሏል። መታጠፋቸውን አልክድም። በቆሎው ሲበቅል ለማንም ይታያል፤ ባለቤቴ የሄደበትን እየተከተለ ይበቅላል።

መርማሪው የሞተው ባሌ ሆኖ ሳለ ለምን ለአባቴ እንደምከራከር ጠይቆኛል። እየተከራከርኩላቸው አይደለም። ባለቤቴ የአባቴን ዓይን ነገር ቢያውቅ ኖሮ ጨርቁን ይጥለው ነበር፤ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ቀብሩ ትናንት ነበር። አላለቀስኩም። ሰዎች ሲያጽናኑኝ አጠገቤ ላለ ሌላ ሰው የሚናገሩ ይመስለኛል።

መርማሪው የዓይናቸውን ነገር ስላላመነኝ ዛሬ ከረፋዱ 4፡15 ላይ አባቴን ከማረፊያ ክፍሉ ወደ ኮሪደሩ አስወጣቸው። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ድምፄን ሳላሰማ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። አባቴ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ጌታው፣ ልጄ መጥታ ከሆነ እህል ቀምሷል በሏት» አሉኝ። ድምፄን ያውቁታልና አልመለስኩላቸውም። መርማሪው መልሰው እንዲያስገቧቸው አዘዘ።

የተናገርኩት ተጽፎ ተነቦልኛል፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም፣ እውነት ነው። መሐላዬን ማፍረሴን ግን አባቴ ከማንም በፊት ከእኔ እንዲሰሙ እጠይቃለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________