ባሏ የተቆረጠባት ሰርኪን

ክቡራትና ክቡራን፣ የችግኝ ጣቢያችን ባልደረቦች፤ ከዳባት ድረስ መጥታችሁ በዚህ ብርድ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ። ጋቢውንም አይቻለሁ። ለጡረተኛ ጋቢ መስጠት «በይ ተኚ» ማለት ነው መሰለኝ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ችግኝ አፍልቼ ይሆን? እንጃ። በዓይኔ ላይ የሚመላለሰው ግን አንድ ዛፍ ነው።

አዲ አርቃይ ቆላ፣ ወንዝ ዳር የበቀለችው የአቶ አለነ ሰርኪን። የሰርኪን ልቡ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ለዚሁ ሲባል ተቆርጦ አለቀና እሷ ብቻ ቀረች። ከደባርቅ ጉም ወርጄ ጥላዋ ሥር ስቆም፣ ቅጠሏ ሲንሾካሾክ፣ የነቃሁ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ስደርስ አቶ አለነ መጥረቢያ ሲስሉ አገኘኋቸው። ዘጠኝ ዓመት አላፈራችም፣ ለቤቴ ምሰሶ ትሁነኝ አሉ።

«መካን ዛፍ ምን ታደርግልኛለች?»

«መካን አይደለችም፤ ባሏ ተቆርጦባት ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነበር፤ የሰርኪን ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ሁለት ዓመት እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

ይቺው ባልደረባችሁ ደርቤና እኔ ወንዱን ፍለጋ ገደል ለገደል ዞርን። የመጀመሪያውን ዓመት አጣነው። ደርቤ ጫማዋ ተበጥሶ «ባል ፍለጋ እንዲህ ከሆነስ ሳላገባ ልቅር» አለች። አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት።

በሁለተኛው ዓመት አባ መልከ ጼዴቅ የሚባሉ መነኩሴ ወደ ደብራቸው አጸድ ወሰዱን። ወንዱ እዚያ ቆሟል፤ አበባው ላይ ንብ ይርመሰመሳል። ባርከው ጥቂት ያበበ ቅርንጫፍ ሰጡን። በረጠበ ነጠላ ጠቅልለን ግማሽ ቀን ተጓዝንና ከሴቷ ላይ አንጠለጠልነው። ንቦች መጥተው ከወንዱ አበባ ወደ ሴቷ ተመላለሱ። የቀረው መጠበቅ ነበር።

ወራት ቆይቶ ስልኬ ጠራ። አቶ አለነ ናቸው።

«እትዬ ምሥራቅ፣ አፍርታለች» አሉኝ። እኔም የችግኝ መደቡ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ፍሬ አርባ ስድስት ችግኝ በቀለ። ዛሬ ወንዙ ዳር ተተክለው እስከ ጉልበቴ ደርሰዋል። በበጋ የምታጠጣቸው ደርቤ ናት፤ አደራ አግዟት። ሰርኪን አይቸኩልም፤ ጥላ ሲሆኑ እኔ አልኖርም። ግን አንዳንዴ በቁሜ ሳልም፣ የማላውቃቸው መንገደኞች ጥላቸው ሥር አርፈው ፍሬ ሲበሉ አያለሁ። ማን እንደተከላቸው አይጠይቁም። ደስ ይለኛል።

እጃችሁ የነካው ሁሉ ይጽደቅ። ዝናቡን በወቅቱ፣ ሰላሙን በየደጃችሁ ያድርግላችሁ። የተከላችሁትን ለማየት ዕድሜ ባይበቃችሁ እንኳ፣ የሚያርፍበት ሰው አይጥፋ።