ከወደቀው ዛፍ ሥር ማን ማንን አወጣ?

— ሄሎ?... አቤት፣ ፀጉር ቤት ነው... ማን ልበል?... እንዴ! አንተ ነህ? በማን ስልክ ነው የምትደውለው?... በእጮኛህ። ለምን፣ ያንተ ምን ሆነ?... «አታነሺልኝም ብዬ»? ልክ ብለሃል። አላነሳልህም ነበር።

— ሥራ ላይ ነኝ። ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀለም እየቀባሁ ነው፤ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ወትፌ ነው የማወራህ። ቶሎ በል፣ ምን ፈለግህ?

— ምን?... ድገመው እስቲ፣ ማድረቂያው እየጮኸ ነው... ጃኬቴን? የትኛውን ጃኬት?... የመንሳፈፊያውን! ሄልሜቴንም! ለቅዳሜ ወንዝ!... ጀልባዬንስ አልጨመርክም?... እሱንም! ኧረ ተው! የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እኔንም መኪናው አናት ላይ አስረህ አትጭነኝም?

— ለመሆኑ ጃኬቱ ለማን ነው? ላንተ እንደሆነ ደረትህ ላይ አይዘጋም... ለእጮኛህ? መዋኘት ትችላለች?... አትችልም። የጀልባ አሰልጣኜ አብሯችሁ ይሄዳል?... «እሱ ደግሞ ምን ያደርግልናል»!

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? አንዴ ዝም በልና መልስልኝ። እሷ አትፈራም?... ምን ብለሃት ነው የማትፈራው?... አይ፣ ቃሉን አትዋጥብኝ፣ ጮክ ብለህ በለው... «እህቴን ያወጣሁ ሰውዬ አንቺን ያቅተኛል?» እንዲህ ነው ያልካት?!

— ውይ፣ እትዬ፣ ይቅርታ፣ አስደነገጥኩዎት። ግንባርዎ ላይ ፈሰሰ እንዴ? ይኸው፣ ጠረግኩት... አይ፣ ወንድሜ ነው... አዎ፣ እሱ ጀግናው።

— ሰማህ? ደንበኛዬ «ጀግናው ነው እንዴ?» እያሉኝ ነው። ዛሬ ጠዋት በሩን ከከፈትኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፍሽ» ይለኛል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለችኝ። እኔ ግራ ገብቶኝ ቆሜያለሁ። ከምንድን ነው የተረፍኩት? ለካ እሁድ ዕለት ሰምጬ ነበር! ሰምጬ፣ አንተ ዘለህ ገብተህ፣ በፀጉሬ ጎትተህ አውጥተኸኛል! በፀጉሬ! እኔ ፀጉሬን እንደ ወታደር የተላጨሁ ሴትዮ፣ ምኔን ይዘህ ነው የጎተትከኝ?

— አትሳቅ! አያስቅም!

— ማን ይነግራቸዋል፣ እማዬ ናታ። አንተ ለእሷ፣ እሷ ለሀገሩ... አዎ፣ እዚሁ ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ፎጣ እያጠፈች ነው። ለገባ ለወጣው ያንተን ገድል ትተርካለች... አይ፣ አትሰማኝም፤ ጆሮዋን ታውቀዋለህ፣ ማድረቂያውም አለ... አይደለም፣ እውነቱን አልነገርኳትም... «ተመስገን»? ምኑ ነው የሚያስመሰግነው! ላንተ ብዬ መሰለህ? ደም ግፊቷን ፈርቼ ነው። «ልጅሽ ሊሞት ነበር» ተብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል? እኔ ስሸፍንልህ አንተ ሽፋኑን ገልብጠህ እንደ ካባ ደረብከው!

— ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልንገርህ? በወሬው እንኳ የሰመጥኩት እኔ ሆኜ፣ የሚመረቀው አንተ ነህ። ሰው ሰመጠች ከተባለ «እንዴት ነሽ» አይባልም እንዴ? ለእኔ ማንም ሾርባ አላመጣልኝም። ላንተ ግን አክስታችን ካልሲ እየሠራችልህ ነው አሉ!

— «እታለም» አትበለኝ! እሁድም «እታለም» ብለሃል፤ ያኔ ሌላ ነበር። አሁን አያባብለኝም... እኔ ነኝ የማጋንነው? እሺ፣ ከረሳኸው ላስታውስህ።

— እኔ ይሄን ካያክ የሚሉትን የጀልባ ቀዘፋ ስጀምር ምን አላችሁኝ? «በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት» አላችሁ። ሄድኩ። እነሱ ደግሞ መጀመሪያ ወንዝ አያሳዩህም። ኩሬ ላይ፣ ወገብህን ከጀልባው አፍ ጋር በሽፋን ያያይዙና ሆን ብለው ይገለብጡሃል። ጭንቅላትህ ወደ ታች፣ እግርህ ወደ ሰማይ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆነህ ጎንበስ ብለህ፣ የሽፋኑን ማሰሪያ ከፊትህ በዳበሳ ፈልገህ፣ ስበህ፣ ጀልባውን ከዳሌህ ገፍተህ ትወጣለህ። ሲወራ ቀላል ነው። የመጀመሪያ ቀን እኔ ማሰሪያውን አጣሁት። አሰልጣኙ ደርሶ ባይመልሰኝ ኩሬውን ጠጥቼ ልጨርሰው ነበር። ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሳምንቱ ተመለስኩ። እስኪሰለቸኝ ድረስ ተገለበጥኩ፣ ወጣሁ፣ ተገለበጥኩ፣ ወጣሁ። ገመድ መወርወር ባዶ ሜዳ ላይ፣ ጉቶ ሰው አድርጌ ተለማመድኩ። ቤተሰቡ ውስጥ ያጨበጨበልኝ የለም!

— አንተ እሁድ ለጉብኝት መጣህ። «እኔ ውሃ ላይ ነው ያደግኩት» አልካቸው። የት ነው ያደግከው? አንድ ቤት አይደል ያደግነው? እኛ ቤት ከልብስ ማጠቢያው ሳህን ሌላ ምን ውሃ ነበር?

— አሰልጣኙ ምን አለህ? «አንተ መገልበጥና መውጣት ስላልተማርክ ሽፋን አልሰጥህም፤ አፉ የተከፈተ ጀልባ ደግሞ ሞገድ ላይ ውሃ ይሞላል፤ ከዚህ ከረጋው ቦታ እንዳታልፍ» አላለህም?... «ምክር መስሎኝ»! እሱ ምክር ነው? ጃኬቱን አጥብቆ አስሮልህ ዞር ሲል አላላኸው። ደረትህን ጨነቀው አሉ! ሄልሜቱን ለፎቶ ብለህ አወለቅክ። ከዚያ አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ከሌላ ሰው ጀልባ ውሃ ሲያፈስ አየህና ሹልክ አልክ።

— እኔ የት ነበርኩ? ከታች መታጠፊያው ዳር፣ ገመድ ይዤ። ተራዬ ነበር። ከእኔ ዝቅ ብሎ ያ የወደቀ ዛፍ አለ፣ ቅርንጫፉን ውሃው ውስጥ ነክሮ የተኛው። ጠዋት አሰልጣኙ ሁላችንንም ወስዶ አሳይቶናል። «ይሄ ወንፊት ነው፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ያስቀራል» ብሎናል። አንተ ያን ጊዜ ስልክህን ትነካካ ነበር።

— ስትመጣ በጎንህ ነበር የመጣኸው። ጀልባህ ግማሹ ውሃ ሆኗል፣ መቅዘፊያው የሆነ ቦታ ቀርቷል። ሳቅህ ፊትህ ላይ እንዳለ ደርቋል። «እታለም!» ብለህ ጠራኸኝ። ከዚያ ዛፉ ጋ ደረስክ፣ ጀልባው ተገለበጠ፣ አጣሁህ።

— አዎ፣ አጣሁህ! አንተ ከሥር ስለነበርክ አታውቀውም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ባዶ ውሃ ነው ያየሁት። ከዚያ አንድ እጅ ወጥቶ ቅርንጫፍ ያዘ። ከዚያ ጭንቅላትህ።

— እግሬ ሊገባ ፈልጎ ነበር። ወንድሜ ነህ፣ እንዴት አይፈልግ! ግን አሰልጣኙ በየሳምንቱ «ዘለው አይገቡም፤ የሚሰምጥ ሰው የያዘውን ይዞ ነው የሚሰምጠው» ይለናል። ስለዚህ «ገመድ!» ብዬ ጮህኩና ወረወርኩ። ሳተ። ገመዱን ሰብስቤ ደገምኩ። ትከሻህ ላይ አረፈ። «ያዘው፣ እጅህ ላይ አትጠምጥመው!» ብዬ ስጮህ ማዶ ያለ ሰው ሰምቷል። አንተ ጠመጠምከው። ድንጋዩን በእግሬ ረግጬ ቁጭ አልኩ፤ ወንዙ ወዲያ ይስብሃል፣ እኔ ወዲህ። አሰልጣኙ ሮጦ ደርሶ ከኋላዬ ጃኬቴን ይዞ አጸናኝና እንደ ጆንያ ዳር አወጣንህ... ዳር ላይ ያቀመስኩህ ጥፊማ ይገባሃል! እንዲያውም አነሰህ!

— አሁን ደግሞ ያን የእጅህን ሰንበር «እህቴን ስጎትት ገመዱ የበላኝ» እያልክ ታሳያለህ አሉ... ብለሃል ወይስ አላልክም?... እኮ! አትጠምጥም የተባለውን ጠምጥመህ ያመጣኸውን ጠባሳ ሜዳልያ አደረግከው!

— አይደለም! ስሜን አይደለም የምፈልገው፤ ስሙን ውሰደው፣ ከነካልሲው ውሰደው! የእኔ ጉዳይ ልጅቷ ናት። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅዳሜ ነው፣ ወንዙ ላይ ናችሁ፣ ጀልባዋ ተገለበጠ። ምን ታደርጋለህ?... «ዘልዬ እገባለሁ»! ይኸው! ሁለት ሬሳ!... ውሃው ከወሰዳት በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ወደ ፊት እንድታደርግ ነግረሃታል? ለመቆም እንዳትሞክር፣ እግሯ ድንጋይ ውስጥ ከተወተፈ ውሃው ደፍቶ እንደሚያስቀራት ነግረሃታል?... አታውቀውማ! እንዴት ትነግራታለህ!

— የምትገባው እኮ አንተን አምና ነው! «እሱ ያወጣኛል» ብላ ነው! አንተ ደግሞ በሕይወትህ ማንንም አውጥተህ አታውቅም! የወጣኸው አንተ ነህ! ከዛፉ ሥር ጎትቼ ያወጣሁህ እኔ ነኝ!

— ...ወይ ጉድ።

— ማድረቂያው ቆሟል።

— እማዬ?... ምንም አይደለም እማዬ፣ እየተጫወትን ነው... ኧረ ተቀመጪ...

— ሰምታለች... ሁሉንም አላውቅም፤ የመጨረሻውን ግን ልብስ ሰፊዋም ሳትሰማው አልቀረችም። ፎጣውን አስቀመጠች። ትኩር ብላ ታየኛለች... እንዳትዘጋ! ሄሎ! ብትዘጋ ዛሬውኑ እመጣለሁ።

— እጮኛህ የት ናት?... ሳሎን? አንተ የት ነህ?... መታጠቢያ ቤት ተደብቀህ ነው በስልኳ የምታወራው? በል ውጣና ንገራት። አሁን። ማታ አይደለም፣ ሲመችህ አይደለም... ምን ብለህ? እንደሆነው ነዋ! እኔ እዚሁ መስመር ላይ ነኝ።

— እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ... ምን አሉ?... «ግዴለም፣ እኔም መጨረሻውን ልስማ»! ኧረ እርስዎ ደግሞ! ቀለሙ ይድረቅብዎት?

— ሄሎ?... በር ሲከፈት ይሰማኛል... እያወራ ነው... አሁንም እያወራ ነው።

— ሄሎ? አንቺ ነሽ የኔ እህት? እንደምን ዋልሽ... ነገረሽ?... ሁሉንም? ገመዱንም?... እህ... ማን፣ እሱ? እያለቀሰ?

— ምን አልሽ?... ድገሚልኝ... ፊቱን አይታጠብም? ከመቼ ጀምሮ?... ከእሁድ ጀምሮ። በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠርገው... ጭንቅላቱንም ከቧንቧው ሥር አያስገባም... አንቺስ ምን መሰለሽ?... ጉንፋን ይዞኛል አለሽ።

— አይ... አይ፣ አለሁ። እየሰማሁሽ ነው።

— ታዲያ ይሄ ሰው ፊቱን መታጠብ እየፈራ ለምንድን ነው ቅዳሜ ወንዝ... አሃ። አለመፍራቱን ሊያይ። አንቺን ይዞ! ፍርሃቱን የሚለካው በአንቺ ነፍስ ነው! ኧረ እኔ ይሄን ልጅ ምን ላድርገው! ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? እኔ እኮ ከዚያች የኩሬ ቀን በኋላ ስንት ሌሊት አልጋዬ ላይ ማሰሪያ ስፈልግ ነቅቻለሁ።

— ስሚኝ። ቅዳሜ ወንዝ የለም። መማር ከፈለግሽ ግን ኩሬው አለ፣ አሰልጣኙም አለ፤ ጃኬቱን እኔ ራሴ አስርልሻለሁ፣ ትንፋሽ እስኪያጥርሽ... እሱ? ከመጣ ይምጣ። ዳር ይቀመጥ፣ እግሩን ይንከር። ፊቱን ሲደፍር ያስገባዋል፤ ማንም አይገፋውም፣ ማንም አይስቅበትም በይው... አልታረቅኩትም! እሱ ሌላ ነው! መጀመሪያ እዚህ መጥቶ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው «ያወጣችኝ እሷ ናት» ይላል። አክስታችንም ጋ ይሄዳል። ከዚያ እናያለን።

— ቆይ አንዴ፣ እማዬ መጣች... ስልኩን ልስጥሽ? ታናግሪዋለሽ?... አትፈልግም። ራሷን ነቀነቀች።

— እማዬ፣ ምን ታደርጊያለሽ? ጓንቱ ቀለም ነው፣ ልብስሽን ይነካዋል... ተይው፣ አታውልቂው... እማዬ...

— ምንም አይደል። ገመዱ ነው። መዳፌን ትንሽ ልጦት ነው፣ እየዳነ ነው... ላስጨንቅሽ አልፈለግኩማ... አያመኝም... ትንሽ። ሻምፑ ሲነካው ብቻ።

— ሄሎ፣ የኔ እህት፣ አለሁ... እማዬ ናት። መዳፌን ገልብጣ እያየችው ነው... እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ያስለቅስዎታል? ቀለሙ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል!

— በይ ልዝጋው፣ በኋላ እደውላለሁ... አይ፣ አሁን አልችልም። አንድ እጄ ስልክ ላይ ነው፣ ሌላውን እማዬ ይዛዋለች። አልለቅም ብላለች።