ከንቧ ጀርባ ያለው አረንጓዴ

የካሜራዬን ባለ መቶ ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ፣ ትንንሽ ነገር የሚያጎላውን፣ ቦንጋ ትቼ መሄዴን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። በእሱ ቢሆን ራቅ ብዬ አነሳ ነበር። ቀላል ነው ብዬ የያዝኩት ባለ ስልሳው ግን፣ አፍንጫህ አበባው ላይ ካልደረሰ ንብ አያጎላልህም። ማንኪራ ጫካ ውስጥ የቡና አበባ ላይ ያረፈች ንብ ላነሳ ስል ነፋሱ ቅርንጫፉን እያወዛወዘ አስቸገረኝ፤ የቡናው ባለቤት ጋሽ አለሙ በእጃቸው ያዙልኝ። ችግሩ ወሬ ይወዳሉ፤ ስለ ቀፏቸው ሲያወሩ እጃቸውም አብሮ ያወራል። «ጋሽ አለሙ፣ በእግዚአብሔር እንዳይንቀሳቀሱ!» አልኳቸው። ወዲያው ጸጥ አሉ። ተመስገን ብዬ ማንሳቴን ቀጠልኩ።

ከንቧ ጀርባ የደበዘዘው አረንጓዴ በጣም አምሮልኛል። ግን የንቧ ዓይን ሲጠራ ክንፏ እየደበዘዘ ስላናደደኝ፣ የራቀውም እንዲጠራ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ አፐርቸሩን፣ ጠበብ አድርጌ ደግሜ አነሳሁ። ስክሪኑን ሳየው ክንፏ ጠርቷል። አረንጓዴውም ቅርጽ አውጥቷል። ቅጠል አይደለም፤ እባብ ነው! ጭንቅላቱ ከጋሽ አለሙ አውራ ጣት አጠገብ ነው። ብጮህ ደንግጠው እጃቸውን ይመነጭቃሉ። «ጋሽዬ... እንዳይንቀሳቀሱ» አልኩ በሹክሹክታ። ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። እባቡ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ገባ።

ጋሽ አለሙ ቅርንጫፉን ለቀው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። «እኔማ መጀመሪያ ‹እንዳይንቀሳቀሱ› ስትለኝ ነው ያየሁት» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «አንተም ያየኸው መስሎኝ፣ ይኼ ልጅ እባብ አጠገቡ ተጋድሞ ንብ የሚያነሳው ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው እያልኩ ነበር።»